ብዙ ልጅ ያለበትን ቤት መምራት፦ ከሊጡ እስከ ፈተናው

ይህ መመሪያ አምስት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ይዛችሁ በከተማ ለምትኖሩ እናቶችና አባቶች ነው። ልጆቹን ሁሉ እናንተ ወልዳችኋቸው ላይሆን ይችላል። ለትምህርት ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ፣ እናቷን ያጣች የእህት ልጅ፣ አያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። በአንድ ማዕድ ከበሉና በአንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ የእናንተው ናቸው።

እኔ የስድስት ልጆች እናት ነኝ። ልጆች ሲበዙ ወላጅ ሳይታወቀው በጅምላ ማሰብ ይጀምራል፦ ሁሉም በሉ? ሁሉም ገቡ? ሁሉም ተኙ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ቤቱ ሰላም ይመስላል። ከስድስቱ አንዱ ግን ጠግቤያለሁ ብሎ ሳይጠግብ ተነሥቶ ይሆናል፤ አንዷ ደግሞ የነገ ፈተናዋን ሳታነብ ሳህን ስታጥብ አምሽታ ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፤ የቤቱን ሥራ መልክ አስይዞ፣ በሚተርፈው ጊዜና ጉልበት እያንዳንዱን ልጅ ለይቶ ማየት።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ባለ ሃምሳ ሉክ አንድ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ገጽ ስጡት። የተወለደበት ቀን፣ የክትባቱ ቀኖች፣ ክብደቱ፣ የጫማው ቁጥር፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ስምና ስልክ፣ የቅርብ ጓደኛው ስም፣ ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ነገር እዚያ ይጻፍ። አንዱ ልጅ ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ሳያቆም ትጽፋላችሁ፤ ሌላው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ብዙ መስመር ባዶ ይቀራል። ባዶው የበዛበት ልጅ ብዙውን ጊዜ መካከለኛው ነው፤ ታላቅ ሆኖ ኃላፊነት ያልተሰጠው፣ ታናሽ ሆኖ ያልተሞላቀቀው፣ ዝም የሚለው። ከእሱ ጀምሩ።

የደብተሩ የኋላ ገጾች ለቤቱ ይሁኑ። የጤፉ ጆንያ የተከፈተበትን ቀን፣ ዘይቱ የተጀመረበትን ቀን፣ የጋዝ ሲሊንደሩ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። አንድ ኩንታል ጤፍ እናንተ ቤት ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሌላ ሰው ሊነግራችሁ አይችልም። በተከታታይ ሁለት ጆንያ ከመዘገባችሁ በኋላ ግን በየወሩ የሚያስደነግጣችሁ ወጪ ቀድሞ የሚታወቅ ወጪ ይሆናል።

እንጀራውና ወጡ

ለስምንት ሰው በየቀኑ መጋገር ጉልበትንም ኤሌክትሪክንም ይጨርሳል። በሳምንት ሁለት የመጋገሪያ ቀን ወስኑ። ረቡዕና ቅዳሜ ቢሆኑ፣ የረቡዑ እሑድ ማታ፣ የቅዳሜው ረቡዕ ማታ ይቦካል፤ ሊጡም ከሁለት ቀን በላይ ጊዜ ያገኛል። አብሲት የሚጣልበትን ሰዓት ከልጆቹ አንዱ እንዲያስታውስ አድርጉ፤ ልጆች ሰዓት መጠበቅ ይወዳሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል ድረስ ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ሠላሳውንም አርባውንም ተከታትሎ ማውጣት ነው የሚያዋጣው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ወዳለ እርከን ስለሚሸጋገር፣ ትልቅ ቤተሰብ በዚህ በኩል ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። በመጋገሪያው ቀን መብራት ቢጠፋ፣ ከሊጡ ላይ የተንሳፈፈውን ውሃ ቀድታችሁ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ተኩት፤ መኮምጠጡን ትንሽ ያዘገየዋል። ፍሪጅ ካላችሁ ሊጡን በከፊል እዚያ አስገቡት።

የወጡን ድካም የሚያቀልለው ቁሌት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ድስት ሽንኩርቱን በደንብ አብስሉት። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ለትንንሾቹ አልጫ የሚሆነውን ቀንሳችሁ አስቀሩ። ከዚያ በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ አቁላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሰኞ አንዱ ምስር ይሆናል፣ ማክሰኞ ሁለተኛው ሽሮ፣ ረቡዕ ሦስተኛው ክክ። ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ ሽንኩርት ከመክተፍ አትጀምሩም፤ እራት ሳይመሽ ይደርሳል፤ ትንንሾቹም ሳይበሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ፍሪጅ የሌለው ቤት ግን የሁለት ቀኑን ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑም ደኅና አድርጎ ያፍላው።

የተረፈ እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ነው። ከዚያም ከተረፈ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። የሻገተውን ጥግ ቆርጦ ቀሪውን ለልጅ መስጠት ግን ይቅር፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ውስጥ ይገባል።

ጤፍና ጥራጥሬ በአብዛኛው አዲሱ ምርት ገበያ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ይረክሳሉ፤ በክረምት ይወደዳሉ። የሽሮውን ሽምብራና አተር፣ የዓመቱን በርበሬ ያኔ መግዛት የቻለ ቤት ክረምቱን ቀለል አድርጎ ያልፈዋል። ለብቻ የማይቻል ከሆነ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብራችሁ ከእህል በረንዳ አንድ ላይ አስጭኑ። በየሰፈሩ ያለውን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርና የእሑድ ገበያም ዋጋ ሳትጠይቁ አትለፉ።

ስለ ወጥ ቤት ስናወራ አንድ ጠንከር ያለ ቃል ልናገር። በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የጠማው የሦስት ዓመት ልጅ የሚያየው ውሃውን እንጂ ሽታውን አይደለም። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ጠርሙሱን ማን ከፍቶ እንደተወው እንኳ አይታወቅም። የቡናው ከሰል ደግሞ ሳይጠፋ ሰው ወደተኛበት ክፍል አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል። ብርድ ነው ተብሎ በዚህ የተቀጠፈ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ማዕዱ ላይ

በአንድ ትሪ ዙሪያ መብላት መልካም ባህል ነው፤ አይቅር እላለሁ። ነገር ግን ስድስት እጅ ትሪው ላይ ሲሠማራ ፈጣኑ ይጠግባል። የሁለት ዓመቷ አንዱን ጉርሻ እያላመጠች ሳለ ታላላቆቿ ወጡን ጨርሰው ዳር ዳሩን ይጠርጋሉ። ከትሪው ጋር አብራ ስለተነሣች በልታለች ይባላል። ስለዚህ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ የራሱ ትንሽ ሳህን ይኑረው፤ ከትሪው አጠገብ ተቀምጦ ከሳህኑ ይብላ። ምን ያህል እንደበላ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ደግሞ ከጡት ወተት ጋር ሌላ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ገንፎው የእሱ ብቻ ይሁን።

ሥጋና እንቁላል በአፍ ብዛት ተቆርጦ ይቅረብ፤ ያልመጣው ልጅ ድርሻም ተከድኖ ይቀመጥለት። በጾም ወቅት ለሕፃናቱ ወተትና እንቁላል አይከልከል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናትን ጹሙ ብላ አታስገድድም። እናት ሁሉን አብልታ የተረፈውን የምትጠራርግበት ልማድ መቆም አለበት። የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ከማንም በላይ መብላት ያለባት እሷ ናት። ይህን የማስከበሩ ኃላፊነት የአባት ነው፤ እሷ ራሷ «እኔ አልራበኝም» ማለቷ አይቀርምና።

ሁለተኛዋን እናት ነፃ አውጧት

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል አንዲት ሁለተኛ እናት አለች። ዕድሜዋ 12 ወይም 13 ነው። ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳሎን ጥላ፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር፣ ሕፃኑን ከእናቷ ጀርባ ተቀብላ ታዝላለች። አዝላ ሽሮ ታማስላለች፤ አዝላ የሦስተኛ ክፍሉን ወንድሟን የቤት ሥራ ታያለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደብተሯን ስትከፍት ዓይኗ አይከፈትም። ጎረቤት «የተባረከች ልጅ» ይላታል፤ ወላጆቿም ይመርቋታል። ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ የሒሳብ ውጤቷን ግን አያነሣላትም።

እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ የሠራውን ሥራ ሰዓት በሰዓት መዝግቡ። ሕፃን ማዘልና ታናሽን መጠበቅም ሥራ ነው፤ ይቆጠር። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ለባለቤታችሁ አሳዩ። የወንዶቹ ልጆች ረድፍ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያን ቀን ታያላችሁ።

ቀጥሎ ሥራውን በዕድሜ እንጂ በጾታ አትከፋፍሉ። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ጫማውን ቦታው ያስቀምጥ፤ የበላበትን ሳህን ወደ ማጠቢያው ይውሰድ። ሰባትና ስምንት የሞላው ካልሲውንና የውስጥ ልብሱን ገላውን ሲታጠብ አብሮ ይጠብ፤ ቤት ይጥረግ፤ ምስር ይልቀም። አሥርና አሥራ አንድ ላይ ያሉት ዕቃ ይጠቡ፤ ውሃ ይቅዱ። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ግን አታሸክሟቸው፤ አምስት ሊትር ይበቃቸዋል። አሥራ ሦስት የዘለለው ወንድም ሆነ ሴት ሽሮ መሥራት፣ ቡና ማፍላት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሕፃን መያዝ ይልመድ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚሉ አያት ቤት ውስጥ ካሉ በክብር አስረዷቸው፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሥራ በሩቅ አገር ቢደርሰው ማን ይሠራለታል? በሉ። አብዛኞቹ አያቶች ይህን ይረዳሉ። ባይረዱም ልጁ ሽሮውን ይሥራ።

ተራው በየቀኑ ሳይሆን በየሳምንቱ ይቀያየር። በየቀኑ ሲሆን «ትናንት የእኔ አልነበረም» የሚል ክርክር ጠዋትና ማታ ይነሣል። ሥራውም ከነሙሉ ኃላፊነቱ ይሰጥ፤ የሳምንቱ የዕቃ ተረኛ ዕቃውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መደርደሪያ ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ነው። ታላቅ እህት ከኋላው እየሄደች የምታስተካክልለት ከሆነ ሥራው አሁንም የእሷው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሳህኑ ቅባት ይኖረዋል፤ ታገሡት፤ ይለምዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የቤት ሥራ በስድስት ሲካፈል ማንንም አያጎብጥም።

የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ልጅ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከተራ ይውጣ፤ ሌሎቹ ይሸፍኑለት። ይህን ቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ፤ የእነሱም ዓመት ሲደርስ እንደሚደረግላቸው ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ ስለ እሷም ላንሣ። ብዙዎቹ ራሳቸው ልጆች ናቸው። ስምንት ሰው ያለበትን ቤት አንዲት ልጅ ተሸክማ ልትዘልቀው አትችልም። የማታ ትምህርት ጊዜዋና የእረፍት ቀኗ በተራ ሰንጠረዡ ላይ ይጻፍ፤ ልጆቻችሁም የውስጥ ልብሳቸውን ለእሷ አይጣሉ።

ልብስ፣ ውሃና መኝታ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ የአጠባው ቀን ከውሃው ቀን ጋር ይገጣጠም። ዩኒፎርም አርብ ማታ ታጥቦ ቅዳሜ ይድረቅ፤ እሑድ ማታ እርጥብ ሱሪ በካውያ ማድረቅ የሚመጣው ይህ ሲቀር ነው። ካልሲ ለሁሉም በአንድ ቀለም ከመግዛት ይልቅ ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም ግዙ፤ የጠዋቱ ጠብ ግማሹ ይቀራል።

የታላቅ ልብስ ለታናሽ ማለፉ አይቀርም፤ ነውርም የለበትም። ሆኖም እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽም ይሁን ለገና ወይም ለኢድ፣ ለእሱ ተብሎ የተገዛ አዲስ ነገር ይልበስ። ተደራራቢ አልጋ ቦታ ያተርፋል። አልጋው ሥር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሣጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን አኑሩ፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አይከፍተውም፤ ወላጅም ቢሆን። ብዙ ሰው ባለበት ቤት ለሚያድግ ልጅ የራሱ የሆነች ያቺ ጠባብ ቦታ ትልቅ ነገር ናት።

ገንዘቡ

የትልቅ ቤተሰብ ዓመት የሚፈተነው በነሐሴና በመስከረም ነው። ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ጫማው፣ እንቁጣጣሹና መስቀሉ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይደራረባሉ። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዳኛውን ቀድማችሁ አነጋግሩና ዕጣችሁ ነሐሴ ላይ እንዲሆን ተለማመጡ፤ ቀደም ብሎ የደረሰውም ቢሆን ለመቀያየር ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ ነው። የደረሳችሁን ብር ወዲያው ከፋፍሉት፤ አንድ ላይ ከተቀመጠ አንዱ ችግር ጠቅልሎ ይወስደዋል።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር አለ፤ ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ልጆቻችሁ በዚያ ካሉ ይህ ለስድስት ልጅ ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን አስሉት። የሚያውቀን ሰው ምን ይላል ብላችሁ አራቱን በግል፣ ሁለቱን በመንግሥት ማስተማርም ይታሰብበት፤ ልጆቹ ልዩነቱን ያያሉ፤ ለምን እንደሆነ በግልጽ ካልነገራችኋቸው ትርጉሙን ራሳቸው ይሰጡታል።

የሱቅ ዱቤ ትልቅ ቤተሰብን ቀስ ብሎ ይበላል። አንዱ ልጅ ዘይት፣ አንዷ ስኳር፣ ሌላው ሳሙና እያለ በየተራ ሲያመጣ፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ዕዳውን የሚያውቀው የባለሱቁ ደብተር ብቻ ነው። ዱቤ የግድ ከሆነ የሚላከው ልጅ አንድ ይሁን፤ ያመጣውም የዚያኑ ቀን ይመዝገብ።

አንዱ ሲታመም

ብዙ ልጅ ባለበት ቤት በሽታ ለብቻው አይመጣም። በጣቶች መሃልና በእጅ አንጓ ላይ ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ አንዱ ልጅ ላይ ካያችሁ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እከክ ከሆነ የታመመውን ብቻ ማከም ድካም ነው፤ ባያሳክካቸውም እንኳ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በታዘዘው መሠረት ይታከሙ። አንሶላውና ልብሱ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለሳምንት ያህል ይቀመጥ። አንዱ ተዘልሎ ከቀረ በሽታው ዞሮ ወደ ሁሉም ይመለሳል።

ለተቅማጥ የሚሆን ኦ.አር.ኤስ. ሁልጊዜ ቤት ይኑር። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ውሃውን «ለልጅ ብዙ ነው» ብላችሁ አትቀንሱ፤ ሲወፍር ይጎዳል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰድ። የትኩሳት ሽሮፕ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው፤ ለታላቁ የታዘዘውን ለታናሹ አጋምሶ መስጠት አደገኛ ግምት ነው። ደብተሩ ላይ ክብደታቸውን ጻፉ ያልኩት ለዚህም ነው።

የክትባቱ ዋና ዋና ቀጠሮዎች ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ናቸው። ከአራተኛ ልጅ በኋላ ወላጅ የሚዘነጋው የ15 ወሩን ነው፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ያኔ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉት በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ሁለት ዓመት የሞላቸው ደግሞ የሆድ ትላትል መድኃኒት ያገኛሉ። ደመወዝተኛ ካልሆናችሁ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ተመዝገቡ። መዋጮው በዓመት የሚከፈለው በቤተሰብ ሲሆን 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ያካትታል፤ ስለዚህ ልጅ ለበዛበት ቤት ይበልጥ ይጠቅማል። ምዝገባውና እድሳቱ የተወሰነ ወቅት ስላለው ወረዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥናት

ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ስልክም መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ የወላጅም ጭምር። ሁሉም ሳሎን ተቀምጠው ያጥኑ፤ ትንንሾቹ ሥዕል ይሣሉ። ታላቅ ታናሹን ያስጠናል፤ ግን የራሱን ከጨረሰ በኋላና ለግማሽ ሰዓት ብቻ። በወላጆች ቀን ሁሉም ትምህርት ቤት ለመድረስ አትሩጡ፤ አባትና እናት ተከፋፈሉ፤ በሚቀጥለው ደግሞ ተቀያየሩ።

የአንድ ጎረቤቴ አራተኛ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰነፍ» ሲባል ኖረ። ታላላቆቹ ሦስቱም ጎበዞች ናቸው። አንድ ቀን አባቱ ለብቻው ታክሲ ውስጥ ይዞት ሲሄድ፣ ልጁ የሱቆቹን ትልልቅ ጽሑፎች ማንበብ እንዳልቻለ አየ። ችግሩ የዓይን ነበር። መነጽር ተደረገለት፤ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ቤት ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ቴሌቪዥን ሲያዩ እሱ ሁልጊዜ ምንጣፉ ላይ ከፊት ይቀመጥ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነ ነው ብለው አልፈውታል።

ለብቻ የሚሆን ጊዜ

እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ ስትሆኑ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ሰዓትም ተጨማሪ ገንዘብም አያስፈልግም፤ ያው የምትሄዱበት ቦታ አንዱን ልጅ አስከትላችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ የዕድር ክፍያ፣ ዘመድ ጥየቃ። ተራውን ጻፉ፤ አለበለዚያ አብሮ የሚሄደው ሁልጊዜ ያው ተናጋሪው ልጅ ይሆናል። መንገድ ላይ ስለ ውጤት አትጠይቁ። ዝም ብላችሁ ሂዱ። ዝምተኛ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሄድ ወይም ምስር ሲለቅም ግን ከራሱ ያወራል። አንዲት ልጄ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያስፈራራት የነገረችኝ ሰፌዱን በመሃላችን አድርገን ጠጠር ስንለቅም ነው፤ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ።

ጠብን በሚመለከት፣ «ትልቅ ነህ፣ ተውላት» የሚለውን ፍርድ ቀንሱት። አንድ ሁለቴ መልካም ነው። በየቀኑ ሲሆን ታላቁ መበደል ዕጣው እንደሆነ ይማራል፤ ታናሿም ማልቀስ እንደሚያስረታ ትማራለች። ሁለቱንም ለየብቻ ስሙ፤ የተሰበረውን ዕቃ የሰበረው ይጠግን፤ የወሰደው ይመልስ። ማን ጀመረው የሚለውን ምርመራ ተዉት፤ ፍጻሜ የለውም። አንዱን ከሌላው ጋር አታወዳድሩ፤ በተለይ በእንግዳ ፊት።

አባትና እናት

አባት «አግዛታለሁ» ብሎ የሚያወራ ከሆነ ሥራውን ገና አልተረከበም። የተወሰነ ነገር ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን፦ የጠዋቱ ማልበስና መሸኘት፣ ወይም የሐኪም ቀጠሮ ሁሉ፣ ወይም የማታው ገላ ማጠብ። አዲስ ልጅ ሲወለድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለአባት የሚሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድ ብቻ ስለሆነ የዓመት እረፍቱን ቀድሞ ለዚያ ያስቀምጥ። የልደት ምዝገባውንም 90 ቀን ሳይሞላ እሱ ያስፈጽም፤ አራስ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ አትያዝ። ከአንዱ ልጅ ወደሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱና ተመካከሩ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጣችሁ ስለ እያንዳንዱ በስሙ ተነጋገሩ። ስለ ገንዘብ መጨቃጨቅ ካለም ያኔ ይሁን፤ ግድግዳው ስስ ከሆነ ውጭ ወጥታችሁ። ስድስት ልጅ የጎደለውን ብር ሰምቶ ካደረ፣ ታላቁ በማግሥቱ ትምህርቴን ልተው ሊላችሁ ይችላል።

እናት በሳምንት ግማሽ ቀን ከቤት ትውጣ። ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ መስጊድ ትሂድ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ ቡና ትጠጣ፣ ከፈለገችም እናቷ ቤት ሄዳ ትተኛ። ቀኑ ተወስኖ ይታወቅ፤ አባትና ታላላቆቹ ልጆች ቤቱን ይያዙ። እንግዳ መጣ፣ ሊጥ ደረሰ፣ ሕፃኑ አነጫነጨው ተብሎ አይሰረዝ።